ኩሽና መስኮት ላይ የተለጠፈ አንገት

ክብ ነው ብላ ነበር። ሐሙስ ማታ ወንድሟ የላከላትን የሲቲ ስካን ፎቶ በሁለት ጣቷ ወጠር አድርጋ አሳድጋ አየችና ክብ ነው፣ ይውጣ፣ ምን ይጠበቃል አለች፤ ይኸው ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ ጠራራ ቀን፣ መጋረጃውን ጋርዳ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ተጋድማለች፤ እንቅልፍ ግን ባይኗ አልዞረም። ከላይ ያለው ጎረቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ምንጣፉን በማሽን ይጠርጋል፣ ማሽኑ ከግድግዳ ግድግዳ እየሄደ ያጉረመርማል፣ እሷም ከሐሙስ ወደ ሰኞ፣ ከሰኞ ወደ ሐሙስ እየተመላለሰች አብራው ታጉረመርማለች። ሰኞ ጠዋት ወንድሟ ኦፕራሲዮን ይገባል። አንገቱ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ከትከሻ ወደ ጉሮሮ ግርጌ ከተጋደመው አጥንት ትንሽ ከፍ ብሎ ዕጢ ተገኝቷል ተብሎ ሊወጣ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቃት እሷን ነው፤ እሷም አንድ ጊዜ እንኳ ሳታመነታ ይውጣ አለችው። አፌን በቆረጠው ትላለች አሁን፣ ቀና ብላ ለጎረቤቱ ወለል።

ወንድሟ ቀለም ቀቢ ነው። ቀለም ቀቢ ሲባል ግድግዳ የሚለቀልቅ ሁሉ እንዳይመስል፤ እሱ የኮርኒስ ሰው ነው። አናቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ቀኝ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከበላዩ ያለውን ነገር ሁሉ ነጭ ሲያደርግ ይውላል፤ አንዲት ጠብታ ሳያንጠባጥብ የሳሎን ኮርኒስ በአንድ ቀን ይጨርሳል እየተባለ ከሰፈር ሰፈር ይፈለጋል። ዕብጠቱን ያየበት ጸጉር አስተካካዩ ነው፤ አንገትህን ስታዞር እዚህ ጋ የሆነ ነገር ብቅ ይላል አለው። ብቅ ቢል ምን አለበት ብሎ ሦስት ወር ዝም አለ፣ ከዚያ ፈራ፣ ከዚያ ሄዶ ሲቲ ስካን ተነሣ፣ ከዚያ የበለጠ ፈራ። ሐሙስ ማታ ሲደውል «እትዬ፣ አትደንግጪ» ብሎ ጀመረ፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጥ አጀማመር ደግሞ የለም።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም። አንገቴ ላይ አንዲት ነገር ተገኝታ ሰኞ ሊያወጧት ነው። አንቺ የኦፕራሲዮን ሰው ስለሆንሽ ነው የነገርኩሽ፤ ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

የኦፕራሲዮን ሰው። ውሸቱ እዚህ ጋ ነው፤ ውሸት እንኳን አይደለም፣ ሳታርመው የቀረ ነገር ነው። አገር ቤት አሥራ አራት ዓመት የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነበረች፣ ቀዶ ሐኪም እጁን ሲዘረጋ ምን እንደፈለገ ከፊቱ አንብባ የምታቀብል፣ «ሲስተር» ተብላ ስትጠራ ኮሪደሩ ሁሉ የሚያከብራት። እዚህ ስትመጣ የትምህርት ማስረጃዋን ለአንድ መሥሪያ ቤት አስገባች፤ መሥሪያ ቤቱም በየስድስት ወሩ «ጉዳይዎ እየታየ ነው» የሚል ደብዳቤ ይልክላታል፣ ስትደውል አንድ ቁጥርን ይጫኑ፣ ሁለት ቁጥርን ይጫኑ የሚል ድምፅ ሲያዞራት ይቆይና መልካም ቀን ብሎ ይዘጋባታል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ታይቶ የማይጠገብ እንዴት ያለ ቆንጆ ጉዳይ ነው እያለች ብቻዋን ትስቃለች። እስከዚያው ብላ የገባችበት ሥራ የሕክምና ትምህርት ቤቱ አናቶሚ ክፍል ነው። ሰዎች በሕይወት ሳሉ፣ ስሞት ሰውነቴን ተማሪ ይማርበት ብለው ይፈርማሉ፤ ሲሞቱ ወደዚያ ይመጣሉ፤ የሷ ሥራ ቆዳውን ገልጣ፣ ስቡን ለቅማ፣ ጡንቻውንና ነርቩን፣ የደም ሥሩንም አንድ በአንድ አጥርታ ለተማሪ ዓይን ማዘጋጀት ነው። አንድ አንገት ሦስት ሳምንት ይፈጅባታል። ለእናቷ «ሆስፒታል ነው የምሠራው» አለቻት፣ እናቷ ለጎረቤት «ኦፕራሲዮን ታደርጋለች» አለች፣ ጎረቤት ለሰፈሩ «ዶክተር ሆነች» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል። ልጄ ሬሳ ስትቆርጥ ትውላለች ብላ እናቷ ለማን ታወራለች? ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሥራዋን ትወደዋለች። የሚያሳፍራትም መውደዷ ነው።

ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ነጭ ነው፣ ይቀዘቅዛል፤ ስምንት የብረት ጠረጴዛዎች አሉት፣ መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። ሬሳው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት መድኃኒት ሽታ የመጀመሪያውን ወር ሲያስለቅሳት ከረመ፣ አሁን መኖሩንም ትረሳዋለች። ማንም አይጮህባትም፣ ማንም አይቸኩልም፤ አገር ቤት ጥድፊያ ላይ ሆና በጨረፍታ ታየው የነበረውን አንገት እዚህ አጎንብሳ እንደ ጥልፍ ትሠራዋለች። የክፍሉ ኃላፊ ጸጉራቸው የነጣ ረጅም ሴትዮ ናቸው፣ ከሳቁ ለሳምንት የሚወራላቸው ዓይነት፤ አንድ የማይጣስ ደንብ አላቸው። መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር ከተገኘ በሰማያዊ ክር ይታሰርና «የእንግዶች መዝገብ» በሚሉት ደብተር ላይ ይጻፋል። አንገት ደግሞ እንግዳ ይወዳል። ሁለት ራስ አለው የተባለው ጡንቻ ሦስት ይዞ ይገኝና ሐኪሞች የደም ሥር ፍለጋ መርፌ የሚሰዱበትን ክፍተት ዘግቶት ቁጭ ይላል፤ አንዱ ቀጭን ጡንቻ ጭራሹን አይኖርም፤ ሌላው በቀኝ አለ፣ በግራ የለም። ሴትዮዋ ለተማሪዎቹ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለው አንድ አንገት ነው፣ እናንተ የምትከፍቱት ግን የሌላ ሰው አንገት ነው፣ ሳታዩ እንዳትቆርጡ። እሷ በስድስት ዓመት ሠላሳ አንድ ክር አስራለች። ሠላሳ ሁለተኛውን ያሰረችው ትናንት ነው።

ትናንት ዓርብ። ጠረጴዛ አራት ላይ ያሉት ሰው አረጋዊ ናቸው፤ ስማቸውን አታውቅም፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያውቅም የለም፣ እግራቸው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ታስሯል። በቀኝ በኩል ስቡን እየለቀመች ስትወርድ መቆንጠጫዋ አንድ ነገር ነካ፤ ዕጢ ነው ብላ ልታልፈው ስትል ዕጢው አላልቅ አለ። ወደ ላይ ተከተለችው፣ እየሄደ እየሄደ ከራስ ቅሉ ሥር ያሉት የመጀመሪያዎቹ የአንገት አጥንቶች ጋ ደረሰ፤ ወደ ታች ተከተለችው፣ ሰያፍ ወርዶ ያ የተጋደመው አጥንት ላይ ተጣበቀ። ጡንቻ ነው። ጣት የሚያህል፣ ንጹሕ፣ ማንም ሳይጠራው የመጣ ጡንቻ። ክሩን እያሰረች ሳለ ኃላፊዋ መጡና በትከሻዋ ላይ አሻግረው አይተው ፈገግ አሉ፤ «ይኼ ከመቶ ሰው ሁለት ሦስቱ ጋ ነው የሚገኘው፤ በሕይወት ያለ ሰው ሲቲ ስካን ሲነሣ ዕጢ እየመሰለ ሐኪም ያሳስታል» ብለው ወደ ቢሯቸው ሄዱ። እሷ ክሩን እንደያዘች ቀረች። በቀኝ በኩል፣ ከአጥንቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ክብ። ሲቲ ስካን አንገትን እንደ ዳቦ እየቆራረጠ ነው የሚያሳየው፤ አንዷን ቁራጭ ብቻ ላየ ሰው ዕጢም ክብ ነው፣ ገመድም ክብ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ እርም ያለችው። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር አገር ቤት ናት፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ቁጥር ሁለት፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ከአንገቷ ላይ ዕጢ ሊወጣላት ተኝታለች፣ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ምላጩን የምታቀብለው እሷ ናት። እዚያ ቦታ ላይ እንደ ስፌት ክር የቀጠነ ነርቭ ያልፋል፣ ትከሻን ሽቅብ የሚያነሣው እሱ ነው፤ ያን ቀን ሲቆረጥ ያየው የለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማለች፣ ቀኝ ትከሻዋ ወርዷል፣ «ሲስተር፣ ቁስሉስ ድኗል፣ ግን ጸጉሬን ማበጠር አቃተኝ» ትላለች፤ ልታሳያት እጇን ታነሣለች፣ እጁ ደረቷ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ይሻልሻል፣ ጊዜ ስጪው አለቻት። አልተሻላትም። ያቺ ሴት ቁጭ ብላ ትሰፋ ነበር፣ ወንድሟ ግን ኮርኒስ ነው የሚቀባ፤ ቀኝ እጁ ደረቱ ጋ ከቆመ ሰውየው አለቀለት።

ታዲያ ደውላ ተው ትበለው? እሱን ታውቀዋለች፣ መርፌ ሲያይ በመስኮት የሚዘል ሰው ነው፣ ተው ካለችው «እትዬ ተው ብላኛለች» ብሎ ዕድሜ ልኩን ሆስፒታል አይረግጥም። ክፉ ዕጢ ቢሆንስ? ያኔ ወንድሟን የቀበረችው እሷ ናት። ዝም ብትልስ፣ ሐሙስ ይውጣ እንዳለች ብትቀር? ጡንቻ ከሆነ በከንቱ ተቆረጠ፣ ነርቩም አብሮ ከሄደ ምላጩን በድጋሚ ያቀበለችው እሷ ናት፣ አሁን ደግሞ ባሕር ማዶ ሆና በስልክ። ትናንት ከሥራ ስትወጣ የጡንቻውን ፎቶ ለሐኪሙ ልላክ ብላ አስባ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፣ ፈርማበታለች፣ ፈቃድ ለማግኘት ባለ አሥራ አንድ ጥያቄ ቅጽ ተሞልቶ አሥራ አምስት የሥራ ቀን ይጠበቃል። ስለዚህ ማታ ቁጭ ብላ «ጉዳይዎ እየታየ ነው» የሚለውን ደብዳቤ ገልብጣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሣለችው፤ አንገቱን፣ ገመዱን፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ነርቩ በየት እንደሚያልፍ። ደብዳቤው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ዋለ። ሥዕሉ ግን የወንድሟ አንገት አይደለም። የሚያስፈልጋት የቀሩት ቁራጮች ናቸው፣ ሐኪም ከከበባትና ሐሙስ ፎቶዋን ካየቻት ቁራጭ በላይና በታች ያሉት፤ ዕጢ ከሆነ ይጀምራል፣ ያብጣል፣ ያልቃል፤ ጡንቻ ከሆነ አያልቅም።

ከላይ ማሽኑ ጸጥ አለ። ተነሥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ደወለች።

«አቤት እትዬ፣ መሰላል ላይ ነኝ።»

«ውረድ።»

«ግማሹ ቀርቶኛል፣ አሁን ካቋረጥኩት ሲደርቅ መስመር ያወጣብኛል…»

«ውረድ አልኩህ እኮ!»

ሲወርድ ይሰማታል፣ ባልዲው ሲንኳኳ፣ ጫማው ሲሚንቶውን ሲነካ። ሰኞ ሆስፒታል የሚገባ ሰው ቅዳሜ መሰላል ላይ ምን ይሠራል ብላ ልትቆጣው ፈለገችና ተወችው።

«ሙሉውን ፊልም አንሥተህ ላክልኝ። ያን ሰፊውን ጥቁሩን፣ ብዙ ሥዕል ያለበትን።»

«እሱማ… ቆርጬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«የተከበበችዋን። ሰፊው ኪስ አይገባማ። የቀሩት ምን ያደርጉልኛል፣ ሐኪሙ ያልከበባቸው ደህና ስለሆኑ አይደል? በሽተኛዋን ብቻ በመቀስ ቆረጥኩና መታወቂያዬ ጋ ከተትኳት።»

«ለቀዶ ሐኪሙም እሷን ነው ያሳየኸው?»

«እሷንና ካነሡኝ ቦታ የሰጡኝን ወረቀት። ምነው?»

እጇን ባፏ ጫነች። እንዲህ ያለ ነገር የሚደረገው እነሱ ቤት ብቻ ነው፤ ደግ ደጉን ቤት ትቶ ክፉውን በኪስ ይዞ መዞር። መሳቅ አማራት፣ ማልቀስም አማራት፣ ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

«የቀረውስ የት አለ?»

«ኩሽና፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሸሽጌዋለሁ፣ እማዬ እንዳታየው። ምን አገኘሽ እትዬ? ዝም አትበይ።»

«ምንም አላገኘሁም። ሰኞ በሰዓቱ ትሄዳለህ። ምንም ነገር ብትሰማ ትሄዳለህ። እትዬ ትሙት በል።»

«እትዬ ትሙት» አለ፣ እንደ ልጅነቱ በቀጭን ድምፅ።

ከእናቷ ጋር በቪዲዮ መነጋገር ማለት የእናቷን ጆሮ ማየት ማለት ነው። ስልክ በጆሮ ነው ብላ ከያዘችው አትለቀውም፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታወራ የኖረችው ከአንድ ጆሮና ከነጭ ጸጉር ጋር ነው፤ እሱንም ትወደዋለች፣ በደንብ የታጠበ ጆሮ ነው።

«እማዬ፣ ስልኩን ከጆሮሽ አንሥተሽ ወደ ፊትሽ አዙሪው።»

«ምነው በዚህ ሰዓት? አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ኩሽና ውስጥ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ጥቁር ላስቲክ የመሰለ ነገር አለ፣ እስቲ አውርጂልኝ።»

«ያ ጥቁሩ? እሱን ካገኘሁት ሳምንት አለፈው። የኩሽናዋ መስኮት መስታወት ከተሰበረ ወዲህ ንፋሱ ምድጃዬን እያጠፋ አላስቀምጥ ብሎኝ አልነበር? ለካ ጥሩ ጠንካራ ነገር ነው፣ ልክክ አድርጌ ለጠፍኩት። መሐሉ ቀዳዳ ነበረው፣ እሱን በፕላስተር ደፈንኩት።»

እዚህ ላይ ሳቋ አመለጣት። ከትናንት ጀምሮ ሲያሠቃያት የነበረው ጥያቄ መልሱ እናቷ ኩሽና መስኮት ላይ ተለጥፎ ፀሐይ እየሞቀ ነው። «እማዬ፣ አትንቀይው። ስልኩን ወደ መስኮቱ አዙሪ፣ ጠጋ አድርጊው፣ ከላይኛው ረድፍ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ውረጂ» አለቻት። ምስሉ ተናወጠ፣ ድስት ታየ፣ ጣሪያ ታየ፣ የእናቷ አውራ ጣት ታየ፣ ከዚያ ብርሃኑ መጣ፤ የቀኑ ፀሐይ ከጀርባው ፊልሙን ወለል አድርጎ አብርቶት፣ አራት ረድፍ ሥዕሎች፣ አንገት በአንገት ላይ፣ ጥላሸት ትንሽ ነክቷቸዋል።

«እነዚህ አበባ አበባ የሚመስሉት ምንድን ናቸው እያልኩ ስገረም ነበር» አለች እናቷ ከጀርባ።

«ቀስ በይ። እዚያ ቁሚ። አሁን ወደሚቀጥለው።»

ዓይኗን ወደ ስልኩ አስጠጋች። የመጀመሪያው ረድፍ፣ አገጭ፣ ምላስ፣ የአንገት አጥንት፤ ከአጥንቱ ጎን በቀኝ አንዲት ነጥብ። ቀጣዩ ሥዕል ላይ ነጥቧ አለች፣ ትንሽ ወደ ውጭ ሄዳለች። ቀጣዩ ላይ አለች። በግራ በኩል የለችም። ፕላስተሩ መጣ፣ ቀዳዳው፣ ወንድሟ በመቀስ ያወጣት በሽተኛ ቦታ፤ ከፕላስተሩ ቀጥሎ ያለው ሥዕል ላይም አለች፣ ያው ክብ፣ ያው ስፋት፣ ሳታብጥ ሳትቀንስ፣ ሰያፍ እየወረደች፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ያ የተጋደመው አጥንት ጋ ደርሳ ተጣበቀች። እንደገና ከላይ ጀምሪ አለቻት። እናቷ እንደገና ጀመረች። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቃት እጄ ዛለ አለች፣ ግን ጀመረች። አላለቀም፣ የትም ላይ አላለቀም፤ ልብ ልብ አላት፣ ደግሞ ፈራች፣ በስልክ መስታወት፣ በጥላሸት፣ በተንቀጠቀጠ እጅ የታየ ነገር ነውና።

«ይኸውልሽ፣ አሁን ንገሪኝ» አለች እናቷ፣ ስልኩን ወደ ፊቷ መልሳ። ሙሉ ፊቷ ነው፤ አርጅታለች፣ ቆንጆ ናት። «ይኼ የማን ነው?»

«የልጅሽ አንገት ነው እማዬ።»

እናቷ መስኮቱን ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ ስልኩን፣ ከዚያ መስኮቱን። «ልጄን ነው መስኮት ላይ ለጥፌ ድስት ስጥድ የከረምኩት?» ብላ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሰኞ ኦፕራሲዮን እንዳለው፣ እንዳትደነግጪ ብሎ እንደደበቃት፣ እሷም እንደደበቀች፣ ዕጢ የተባለው ጡንቻ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ አላለቀሰችም፤ ሁላችሁም ለኔ ስታዝኑ ብቻዬን ታስቀሩኛላችሁ አለች። ከዚያ ያልተጠበቀውን ጥያቄ ጠየቀች።

«አንቺስ ጡንቻ መሆኑን በምን አወቅሽ? ሐኪሙ ያላወቀውን?»

መዋሸት ትችላለች። ኦፕራሲዮን ስናደርግ አይቼው ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ አፏ ላይ ደርሷል። ግን እናቷ ሰኞ ልጇን ለምላጭ የምትሰጠው ወይም የማትሰጠው በዚህ ቃል ላይ ቆማ ነው፣ ቃሉ የሚያስተማምን መሆን አለበት።

«ትናንት ከሞተ ሰው አንገት ላይ አየሁት። ሥራዬ እሱ ነው እማዬ። ሰውነታቸውን ለትምህርት የሰጡ ሰዎች አሉ፣ እነሱን ነው የማዘጋጀው። ኦፕራሲዮን ክፍል አይደለሁም። ስድስት ዓመት ሆነኝ።»

እናቷ ተነሥታ የምድጃዋን እሳት ቀነሰች። ምድጃው ላይ የተጣደው ድስት ሲንተከተክ ይሰማል።

«ብቻቸውን ናቸው?» አለች ተመልሳ።

«እነማን?»

«ሰዎቹ ናቸዋ። ዘመድ አጠገባቸው የለም?»

«የለም። እኔ ነኝ ያለሁት።»

«እንግዲያ ጥሩ» አለች እናቷ፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ ፊልሙን ሰኞ ጠዋት እኔው ነቅዬ እወስደዋለሁ፣ ያ ልጅ ግማሹን መንገድ ላይ ቆርጦ እንዳይጥለው አለች። ስልኩ ሲዘጋ ከደረቷ ላይ አንድ ከባድ ነገር የወረደ መሰላት። ስድስት ዓመት ምን ስታስብ ነበር? እናቷን አታውቃትም ነበር እንዴ?

የቀረው ቀዶ ሐኪሙ ነው። ወንድሟ ስሙን ሲነግራት አውቃዋለች፤ እሷ ነርስ ሳለች እሱ ተለማማጅ ነበር፣ በአንድ እጅ ክር መቋጠር ያስተማረችው እሷ ናት፣ በጫማ ማሰሪያ። አሁን ግን እሱ ስመ ጥር ነው፣ እሷ ጉዳይዋ እየታየ ያለ ሰው ናት፤ ማን ነሽና ቢላትስ? ቁጥሩን ከወንድሟ ተቀብላ ሥዕሉን ላከችለት፣ ፊልሙን እንዴት እንዳየችው በድምፅ ቀድታ ላከችለት፣ ከዚያ ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ ጥላ ክፍሏን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትዞራለች፣ አምስት እርምጃ ሄዳ፣ አምስት እርምጃ መጥታ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ሲስተር! አንቺ ሴት፣ አለሽ እንዴ!»

«አለሁ። ተቀየምከኝ?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልንገርሽ። አሥራ ሁለት ዓመት አንገት ከፍቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ጡንቻ አጋጥሞኝ አያውቅም። ደግሞ ወንድምሽ ይዞልኝ የመጣው እኮ ጉርድ ፎቶ የምታክል ነገር ነው! ሙሉው የት አለ ስለው ሌላው ደህና ነው አለኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ያኔ ሙሉውን አምጣ ማለት ነበረብኝ፣ የኔም ጥፋት ነው» አለ፣ ድምፁ ቀነስ ብሎ። «አሁን ስሚኝ፤ እኔ በሥዕልሽ አልወስንም፣ አንቺም እንድወስን አትፈልጊም። ሰኞ ከኦፕራሲዮኑ በፊት አልትራሳውንድ ላይ አስተኝቼው ትከሻውን አስነሣዋለሁ። ጡንቻ ከሆነ ሲሠራ ይወፍራል። ዕጢ ከሆነ ዕጢ ነው፣ አወጣዋለሁ።»

ከዚህ የተሻለ ቃል ልትጠይቀው የምትችለው የለም። እሑድ ትንሽ ተኛች፣ ልብስ አጠበች፣ ውጭ ወጥታ ዳቦ ገዛች፣ ሻጩ እንደ ሁልጊዜው መልካም እሑድ ሲላት ረጅም መልስ ሰጠችውና ሁለቱም ደነገጡ። ፍርሃቱ አልሄደም፣ ግን አሁን ብቻዋን አልያዘችውም፤ እናቷም ይዛለች፣ ሐኪሙም ይዟል።

ሰኞ ጠረጴዛ አራት ጋ ቆማለች። ክፍሉ ውስጥ ስልክ ክልክል ነው፣ እሷ ግን ሽርጧ ሥር ኪሷ ውስጥ ደብቃዋለች፣ በስድስት ዓመት የመጀመሪያ ጥፋቷ ነው፤ ሲነዝራት መቆንጠጫውን አስቀምጣ፣ ጓንቷን አውልቃ፣ ሮጣ ኮሪደሩ ላይ ወጣች።

«እትዬ! ትከሻህን አንሣ አሉኝ፣ አነሣሁ። አውርድ አሉኝ፣ አወረድኩ። ደግመህ ደግመህ ሲሉኝ ደከመኝ። ከዚያ ሐኪሙ ይኼን ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው ሲለኝ እኔ ምን አውቄ ብዬ ትከሻዬን ከፍ ሳደርግ፣ በቃ በቃ እንዳትንቀሳቀስ ብሎ ጮኸ! ያቺ ነገር ለካ ወፍራለች!»

«ምን አለ? ቃሉን ንገረኝ፣ ራሱ ያለውን።»

«ጡንቻ ነው አለ። ሙሉ ጤነኛ ነህ፣ ትርፍ ጡንቻ ይዘህ ነው የተወለድከው፣ ልብስህን ልበስና ውጣልኝ አለ። እትዬ፣ ከሌላው ቀቢ ሁሉ የምበልጠው በሱ ይሆን እንዴ?»

ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ስትስቅ እናቷ ስልኩን ነጥቃ ወሰደችው፤ የተለመደው ጆሮ መጣ።

«ልጄ፣ እሳቸው ሰውዬ፣ አንገታቸውን ያየሽው፤ ማን ይባላሉ?»

«አናውቅም እማዬ። ቁጥር ነው ያላቸው።»

«አሁን እዚያው አሉ?»

«አሉ።»

«ሂጂና ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ? እማዬ፣ ሰው አለ እኮ፣ ኃላፊዬ አሉ።»

«ይኑሩ። እኔ የማመሰግነውን ሰው አመሰግናለሁ። ዛሬ ነገ እንዳትዪ፣ አሁን ሂጂ።»

ተመልሳ ገባች። ኃላፊዋ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰዋል፣ ሁለት ተማሪዎች በሹክሹክታ ያወራሉ። በዚህ ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ስትሠራ በቋንቋዋ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም፣ የምትናገረውም ሰው አልነበራትም። ወደ አረጋዊው ጆሮ ጎንበስ አለች፤ ተማሪዎቹ ወሬያቸውን ትተው ዞረው አዩዋት።

«አባቴ፣ እናቴ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ልጄ እጁን ያነሣል ብላለች።»

«ምን አልሽ?» አሉ ኃላፊዋ ቀና ብለው።

«መልእክት ነበረኝ» አለች። ከዚያ አዲስ ጓንት አጥልቃ ወደ አንገታቸው ግራ በኩል ዞረች።